ከፍርድ ወንበር እስከ ምርጫ ዳኝነት

ተማሪዎች፣ «አራት ኪሎ» የሚለውን ስም ስትሰሙ ምን ይታወሳችኋል? ለመንገደኛ አራት ኪሎ ሐውልት የቆመበት አደባባይ ነው። በፖለቲካ ንግግር ግን ስሙ የመንግሥት ሥልጣን ምትክ ሆኖ ያገለግላል፤ «አራት ኪሎ ለመግባት ይታገላሉ» ሲባል «ሥልጣን ለመያዝ ይታገላሉ» ማለት ነው። ይህን ፍች ያገኘውም ቤተ መንግሥቱና ባለሰዓቱ የምክር ቤት ሕንፃ በዚያው አካባቢ ስለሚገኙ ነው።

ፖለቲከኛም ዳኛም ሕዝብን ያገለግላሉ፤ የሚጠበቅባቸው ታማኝነት ግን ይለያያል። ፖለቲከኛ ወገን አለው፤ ለወገኑ ዓላማ ይሟገታል፤ ደጋፊ ያሰባስባል። ዳኛ ግን ለማንም ወገን ሊቆም አይገባውም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ ነገር እንዳይመራ ይደነግጋል። ታዲያ አንድ ሰው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሻገር ምን ይዞ፣ ምንስ ትቶ መሄድ አለበት?

በውጭው ዓለም ኧርል ዋረን የተባሉት አሜሪካዊ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1953 የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ነበሩ፤ ከዚያም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1954 ዘጠኙ ዳኞች በእርሳቸው መሪነት፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለያይቶ ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን መሆኑን በአንድ ድምፅ ፈረዱ። ፍርዱ ብዙዎችን አስቆጣ፤ ዳኛው ግን እንደ አገረ ገዥነታቸው ዘመን የመራጭ ድምፅ መቁጠር አላስፈለጋቸውም።

በአገራችን ደግሞ የብርቱካን ሚደቅሳን ታሪክ ተመልከቱ። ብርቱካን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። በ1993 ዓ.ም. በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ተጠርጣሪው ግን እንደተለቀቁ ወዲያውኑ እንደገና በፖሊስ ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ በአራት ኪሎው ምክር ቤት በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል ሕግ ወጣ። እንግዲህ የዳኛዋ ትእዛዝ የታሰበለትን ውጤት አላስገኘም፤ ቢሆንም ዳኛዋ የተመለከቱት ሕጉን እንጂ የመንግሥትን ፍላጎት እንዳልነበረ ብዙዎች ተረዱ።

ብርቱካን ከዚያ በኋላ ወደ ፖለቲካ ገቡ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ ከቅንጅት መሪዎች አንዷ ነበሩ። ከምርጫው በኋላ ታስረው የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። የአንድነት ፓርቲ ሊቀመንበር ከሆኑ በኋላ ስለ ይቅርታው በተናገሩት ቃል ምክንያት ይቅርታው ተሽሮ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. እንደገና ታሰሩ። በመስከረም 2003 ዓ.ም. ተፈትተው ወደ አሜሪካ ሄዱ።

ኅዳር 13 ቀን 2011 ዓ.ም. ያው ምክር ቤት ብርቱካንን የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማቸው። ይህ ሥራ የፍርድ ቤት ዳኝነት ባይሆንም ዳኝነትን ይመስላል፤ የቀድሞ ወዳጅንም ባላጋራንም በአንድ ሚዛን መመዘን ይጠይቃልና። ስለዚህም የቦርዱ አባል የፖለቲካ ፓርቲ አባል እንዳይሆን ሕጉ ይከለክላል። ቦርዱ በእርሳቸው ሰብሳቢነት ስድስተኛውን አገር አቀፍ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አካሄደ። በትግራይ ግን በጦርነቱ ምክንያት ምርጫ አልተደረገም፤ በአንዳንድ ሌሎች ስፍራዎችም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ብርቱካንም በ2015 ዓ.ም. በጤና ምክንያት ከኃላፊነት መልቀቃቸውን አስታወቁ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ አባባል ሹመትን የጥቅም ምንጭ አድርጎ ያያል። ከላይ የተገለጸው ታሪክ የሚያስተምረን ግን ሹመት ዋጋም ሊያስከፍል እንደሚችል ነው። አሁን ደግሞ ነገሩን ወደ ራሳችሁ አምጡት። የእናንተ ክፍል ከሌላ ክፍል ጋር ኳስ ሲጋጠም ፊሽካውን እናንተ እንድትይዙ ብትጠየቁ፣ በገዛ ጓደኛችሁ ላይ ቅጣት ምት ለመስጠት ትደፍራላችሁን? በዚህ ጥያቄ ላይ ተወያዩና መልሳችሁን ከነምክንያቱ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።