መንገድ ሲዘጋ ክኒን ያልቃል

በኢሉባቦር፣ ከመቱ ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ርቃ ለምትገኘው ጎሬ፣ ለሁሩሙ ወይም ለያዮ ነዋሪ የሚጥል በሽታ ሕክምና ከሐኪም እኩል የመኪና ጉዳይ ነው። ክትትሉ ያለው መቱ ካርል ሪፈራል ሆስፒታል ከሆነ፣ ቀጠሮ በደረሰ ቁጥር የትራንስፖርት ገንዘብም አብሮ መገኘት አለበት።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በኢትዮጵያ ሲገኝ ይህ መስመር ተናጋ። ክልሎች ከከተማ ከተማ የሚደረገውን ጉዞ አገዱ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መኪናው ሲከፈትም በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ታሪፍ ሆነ። ኮሮናን ፈርቶ ሆስፒታል መሄድ የተወም ነበር። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ደግሞ ርካሽ ቢሆንም በድንገት ሲቋረጥ ምሕረት የለውም፤ መጣሉ ይደጋገማል፣ አንዳንዴም ሳያባራ ቀጥሎ ይገድላል።

የጣለው ሰው አጠገብ ያለው ሰው የሚያደርገውም ያሳስባል። ክብሪት ጭሮ ጭሱን ያስሸትተዋል፤ ለሃጩ ይጋባል ብሎ ግን አይነካውም። ምድጃ ላይ የወደቀች ሴት በዚህ መሃል እጇና ፊቷ ይቃጠላል። በሽታው በለሃጭ አይጋባም። ከእሳቱ ማራቅ፣ በጎን ማስተኛት፣ አፍ ውስጥ ምንም አለመክተት ነው የሚያስፈልገው።

የመድኃኒት እጦቱን ወረርሽኙ አልፈጠረውም። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት መሪነት በቡታጅራ የተካሄደው ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይቷል፤ ከ100 ታማሚዎች 2 እንኳ ዘመናዊ መድኃኒት አይወስዱም ነበር።

በወረርሽኙ ጊዜ የኤች አይ ቪ ታካሚዎች የ3 እና የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይዘው ይሄዱ ነበር። ፌኖባርቢታል ግን ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ስለሆነ በልዩ ማዘዣ ነው የሚወጣው፤ የወራት ክኒን ማስያዝ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሕክምናውን ወደ ሰፈር ማቅረብ ይበጃል። በጎረቤት ጅማ ገጠር የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ የሚጥል በሽታን አክመዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ የተጀመረው የአእምሮ ጤና ክፍተት ማጥበቢያ መርሐ ግብርም ይህንኑ በሽታ ከቅድሚያዎቹ አንዱ አድርጎ ይዞታል።

የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች በ2022 እ.ኤ.አ. ያጸደቁት ዕቅድ እስከ 2031 ከ100 ታማሚዎች 80ው መድኃኒት በአቅማቸው እንዲያገኙ ያልማል። ለኢሉባቦር ይህ ማለት ሁለት ነገር ነው፤ በየወረዳው ጤና ጣቢያ የማይቋረጥ ፌኖባርቢታልና ማዘዝ የሚችል፣ የሠለጠነ ባለሙያ። መንገድ ዳግመኛ ሲዘጋ፣ በኮሮናም ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ያኔ ታካሚው ክኒኑን በእግሩ ሄዶ ያመጣል።