የተኛን ማን ይቀሰቅሰዋል?

በመርካቶ፣ በአውቶቡስ ተራ አካባቢ አልጋ ይዞ የሚያድር መንገደኛ የሚያሳስበው እንቅልፍ ማግኘቱ ሳይሆን በጊዜ መነሣቱ ነው። ስለዚህ ከመተኛቱ በፊት ዘበኛውን «አባባ፣ አሥር ሰዓት ላይ ይቀስቅሱኝ» ብሎ አደራ ይላል። ከዚያው ከመርካቶ ገዝተን በኪሳችን በያዝነው ስልክ ውስጥም እንዲህ ያለ አደራ በየጊዜው ይፈጸማል።

ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ ኤሌክትሪክ ለመቈጠብ ይተኛል። እንቅልፉም ደረጃ አለው። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ሲ1 የሚባለው ጫማ ሳያወልቁ በአግዳሚ ላይ እንደ ማሸለብ ነው፤ ቍጠባው ጥቂት፣ መንቃቱ ፈጣን ነው። ሲ3 እና ከዚያ የጠለቀው ግን ልብስ አውልቆ አልጋ ውስጥ መግባት ነው፤ ቍጠባው ብዙ ቢሆንም መነሣቱ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ማለት ከርነሉ፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ምን ያህል ጊዜ እንደ ቀረ አስቀድሞ ይመረምራል። ቀጠሮው ቅርብ ከሆነ ልብስ ማውለቁ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በብዙ የቀድሞ ፕሮሰሰሮች ጥልቅ እንቅልፍ ሲመጣ የፕሮሰሰሩ የራሱ ሰዓት አብሮ ይቆማል። በቆመ ሰዓት ተማምኖ የተኛ መንገደኛ ደግሞ መኪናው ያመልጠዋል። ስለዚህ ሊኑክስ የተባለው ከርነል ቀጠሮውን ከፕሮሰሰሩ ውጭ ላለ፣ ለማይተኛ ሰዓት አደራ ይሰጣል፤ ያም ጊዜው ሲደርስ እንደ ዘበኛው ያንኳኳል። በኋላ የመጡት ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የማይቆም የራሳቸው ሰዓት ስላላቸው ይህ አደራ ቀርቶላቸዋል።

ነገር ግን ዘበኛው ቀጠሮ ኖረም አልኖረ በየጊዜው በር ቢያንኳኳ ማን ይተኛል? የቀድሞው ሊኑክስ ሥራ ፈት ፕሮሰሰርን በሴኮንድ 100፣ ኋላም እስከ 1000 ጊዜ ይቀሰቅስ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ሊኑክስ 2.6.21 ግን ሥራ በሌለ ጊዜ ይህን ማንኳኳት ትቶ ለቀጠሮ ብቻ የመቀስቀስን ዘዴ አመጣ። የአንድሮይድ ስልክ እምብርትም ይኸው ሊኑክስ ነው።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? መብራት በጠፋበት ማታ ባትሪው እስኪነጋ እንዲቈይለት የሚመኝ ተማሪ መልሱን ያውቀዋል። ከርነሉ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ፣ እኛ የምንጽፈው ፕሮግራም «መልእክት መጣ ወይ?» እያለ በየቅጽበቱ ከጠየቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ መልእክቱ ሲመጣ ብቻ መነሣት ይቻላልና። እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ፕሮግራም ስንጽፍ የተኛውን በር ከማንኳኳታችን በፊት «አሁን መቀስቀሱ ያስፈልጋልን?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።