ለጉዞ የተጠራቀመ ነጥብ በጊዜው ይሠራበት

በሱዳን ምሥራቅ፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ በራሃድ ወንዝ አጠገብ መፋዛ የምትባል ከተማ አለች። ራሃድ ከጣና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋችን ተነሥቶ ወደ ዓባይ የሚገባ ወንዝ ነው። አገሩ ሰፊ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ ስለ ሆነ፣ ከጎንደርና ከትግራይ ብዙ ሰዎች ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያ ሲሻገሩ ኖረዋል። ከእነርሱም መካከል በዚያው ቀርተው፣ ልጆቻቸውን ከዚያ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሸኙ ጥቂቶች አይደሉም።

በ2011 ዓ.ም. በዚያ ባለፍን ጊዜ፣ ቡና እያፈሉ የሚሸጡ አንዲት እናት አገኘን። የሚያናግሩን አማርኛውን ከትግርኛ እያጣቀሱ ስለ ነበረ ወዲያው ተግባባን። ወንድ ልጃቸው በአሜሪካ ይሠራል። እርሳቸውን ለማየት ወደ ጎንደር በአውሮፕላን የሚያመጣውን ነጥብ ማጠራቀሙን በስልክ ነግሯቸዋል።

«ነጥብ ማለት ገንዘብ ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቁን።

«ገንዘብ አይደለም፣ እማማ፤ ነገር ግን የአውሮፕላን ቲኬት ይገዛል» አልናቸው።

«ታዲያ ከሞላለት ምን ይጠብቃል?» አሉ።

እኛም ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ አልነበረንም። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን ይኸው ጥያቄ ነው።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ.ም. አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው አየር መንገድ፣ አዘውትረው ለሚጓዙ ደንበኞቹ በተጓዙት ማይል ልክ ነጥብ እየመዘገበ በነጥቡ ቲኬት መስጠት ጀመረ። ሌሎችም ተከተሉት። ከዚያም ባንኮች ነጥቡን ከክሬዲት ካርድ፣ ማለት ከዱቤ መግዣ ካርድ ጋር አያያዙት። ባንክ ይህን የሚያደርገው ለቸርነት አይደለም። ካርድ በተከፈለበት ቁጥር ነጋዴው ከሽያጩ ጥቂት ለባንክ ይለቃል፤ ዕዳውን ያሳደረ ደንበኛም ወለድ ይከፍላል። ነጥቡ የሚሰጠው ከዚህ ትርፍ ተቀንሶ ነው።

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ሼባ ማይልስ የተባለ የደንበኞች ማኅበር አለው። ደረጃዎቹም ሰማያዊ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም ይባላሉ። አየር መንገዱ በ2004 ዓ.ም. ስታር አልያንስ ከተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ስለ ገባ፣ በሉፍታንዛ ወይም በዩናይትድ የተጓዘ ሰው ነጥቡን በሼባ ማይልስ ሊያስመዘግብ ይችላል።

በመፋዛ ግን ካርዱ ራሱ አይሠራም ነበር። አሜሪካ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ በ2010 ዓ.ም. እስኪነሣ ድረስ የውጭ ካርድ በዚያ አገር ዋጋ አልነበረውም፤ ከዚያም በኋላ ገንዘብ የሚደርሰው በሐዋላና በሰው እጅ ነበር። ስለዚህ የእነዚህ ቤተ ሰቦች ነጥብ የሚገኘው በውጭ አገር ባለው ልጅ እጅ ነው። ጥቅሙም ጉዳቱም በእርሱ ጥንቃቄ ላይ የተመሠረተ ነው። ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡት ነገሮችም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ ዕዳ አያሳድር። ለምሳሌ ያህል በ1,000 ዶላር ግዢ 1,000 ነጥብ ቢያገኝ፣ የአንዱም ነጥብ ዋጋ አንድ ሳንቲም ቢሆን፣ ትርፉ 10 ዶላር ነው። ነገር ግን ዕዳውን በመቶ 20 ወለድ ለአንድ ዓመት ቢያቆየው ወደ 200 ዶላር ይከፍላል። 10 ለማግኘት 200 መስጠት ንግድ አይባልም። ነጥብ የሚጠቅመው የወሩን ሒሳብ በወሩ ጨርሶ ለሚከፍል ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ስሙ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይመዝገብ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልኩ ይለዋወጣል፤ የአያት ስምም አንዳንድ ጊዜ ይገባል፣ አንዳንድ ጊዜ ይቀራል። በፓስፖርቱና በማኅበሩ መዝገብ ያለው ስም ካልተስማማ ነጥቡ ሳይመዘገብ ይቀራል። የአውሮፕላን መሳፈሪያውንም ወረቀት ነጥቡ እስኪገባ ድረስ መጣል አይገባም።

ሦስተኛ፤ ዋጋውን ያስላ። ቲኬቱ በገንዘብ 900 ዶላር ቢሆን፣ በነጥብ ሲወሰድ ግን 50,000 ነጥብና 150 ዶላር ቀረጥ ቢጠየቅ፣ ነጥቡ የተካው 750 ዶላር ነው፤ የአንዱም ነጥብ ዋጋ አንድ ሳንቲም ተኩል ይሆናል። በ20,000 ነጥብ 100 ዶላር የሚያወጣ ሻንጣ ቢወስድ ግን ዋጋው ወደ ግማሽ ሳንቲም ይወርዳል። በነጥብ የተገኘ ቲኬት ከቀረጥ ነፃ አለመሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ለነጥብ የሚለቀቀው ወንበር ጥቂት ስለ ሆነ፣ ለገናና ለፋሲካ የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ይያዝ።

አራተኛ፤ ነጥቡን ከባንክ ወደ አየር መንገድ ከማዛወሩ በፊት ወንበር መኖሩን ያረጋግጥ፤ አንድ ጊዜ የተዛወረ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስምና።

አምስተኛ፤ አያቆየው። በብዙ ማኅበሮች ዘንድ ነጥብ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይሰረዛል። ባይሰረዝም እንኳ ለአንድ ቲኬት የሚጠየቀው ነጥብ ከፍ ሊል ይችላል። በባንክ እንዳለ ገንዘብ ወለድ አይወልድም።

አሁን ወደ መፋዛዋ እናት እንመለስ። ልጃቸው በ2011 ዓ.ም. ለተራው ወንበር የሚበቃ ነጥብ ነበረው። ነገር ግን በከፍተኛው ማዕርግ ልምጣ ብሎ አንድ ዓመት ጨመረ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ብዙ በረራ ተቋረጠ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ ብዙ ሺህ ስደተኞችም ወደ ገዳሪፍ ተሻገሩ። እናቲቱ በ2014 ዓ.ም. ዐረፉ። ከነጥቡ ከፊሉ ጊዜው አልፎ ተሰርዞ ነበር። በቀረው ልጁ በተራው ወንበር ጎንደር መጣ፤ የመጣውም ከአክስቱ ቤት ለቅሶ ለመቀመጥ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ መቃብራቸውን ማየት እንኳ አስቸጋሪ ሆኖበታል።

ይህን የምንጽፈው ወጣቱን ለመውቀስ አይደለም፤ ለእናቱ የተሻለውን ያሰበ ልጅ ነው። ነገር ግን የነጥብ ከፍተኛ ዋጋ በሳንቲም ስሌት ብቻ አይገኝም። ተራው ወንበርና ከፍተኛው ወንበር የሚያርፉት በአንድ ሰዓት ነው። አባቶቻችን «አባት ሳለ አጊጥ፤ ጀንበር ሳለች ሩጥ» ያሉት ለዚህ ነውና፣ በእጁ የሚበቃ ነጥብ ያለው አንባቢያችን ይህን ጽሑፍ አንብቦ እንደ ጨረሰ፣ ማንን ለማየት እንዳጠራቀመው ያስታውስና የጉዞውን ቀን ይቁረጥ።