ይህን ከእኔ አልሰማችሁም

አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሲቀላም ይሁን ሴቻ፣ ለአንባቢ ክፍት የሆነ የኮምፒውተር ክፍል ገብታችሁ ከሆነ ወረቀቱን አይታችሁታል። ከሠራተኛው ጠረጴዛ በላይ በፕላስተር ተለጥፎ ጠርዙ በሙቀት ተኮማትሯል። «ፍላሽ መሰካት ክልክል ነው። ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ መጠቀም አይቻልም። ፊልም ማውረድ፣ ፌስቡክ መክፈት፣ ዴስክቶፕ ላይ ፋይል ማስቀመጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ከሥሩ ክብ ማኅተም አለ። እኔ ከዚያ ጠረጴዛ ማዶ ከሚቀመጡት አንዱ ነኝ። የምሠራበትን ቤት አልጠራም፤ ወሬው ግን የአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ሞዴል 22 ላውጋችሁ። የመንግሥት ንብረት ከመጋዘን ሲወጣ ተረካቢው የሚፈርምበት ወረቀት ነው። ሞኒተሩ፣ ማውሱ፣ የመብራት ገመዱ ሳይቀር በአንድ ሠራተኛ ስም ተመዝግቧል። ማውስ ሲጠፋ «ቤተ መጻሕፍቱ ማውስ ጠፋበት» የሚል የለም፤ እገሌ አጉድሏል ይባላል፣ እገሌም ከኪሱ ይጠየቃል። የእናንተ ኢሜይል ግን በማንም ሞዴል 22 ላይ አልሰፈረም። ቢከፈት፣ ቢነበብ፣ ቢሰረቅ ንብረት አጎደልክ የሚባል ሠራተኛ የለም። የተለጠፈውን ደንብ እስቲ በዚህ ዓይን አንብቡት። መስመሩ ሁሉ ዕቃውን ይጠብቃል፤ ተጠቃሚውን የሚጠብቅ መስመር ግን አንድም አታገኙበትም።

የምግቡን ነገር ቶሎ ልለፈው። ጨንቻ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ሲቀላ ሲደርስ ላቡን ይጠርጋል። በዚህ ሙቀት አንዲት ጠብታ የማንጎ ጭማቂ ኪቦርድ ውስጥ ከገባች በነጋታው ጉንዳን ሰልፍ ይዞ ታገኙታላችሁ። ደንቡ ትክክል ነው፣ አክብሩት።

የፍላሹም ክልከላ ምክንያት አለው። ፎልደሮችን ሁሉ ሾርትከት አስመስሎ የሚያስቀረው ቫይረስ ከማሽን ወደ ማሽን የሚዞረው በፍላሽ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ የጠፋ መስሎት ክፍሉ ውስጥ ያለቀሰ ተማሪ አይቻለሁ። ምስጢሩ ይኸውላችሁ፦ ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ይደበቃል እንጂ አይጠፋም። ፍላሹን ፎርማት አታድርጉ። የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳይ ሠራተኛ ፈልጉ፣ አብዛኞቻችን እንችላለን። ጽሑፉ ተከፍቶ ግን ሆሄያቱ የማይነበብ ኮተት ከሆነባችሁ ደግሞ አትደንግጡ፤ ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ተጽፎ፣ ፎንቱ እኛ ማሽን ላይ ስለሌለ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ነው፤ የድሮውን ፎንት እስከ ዛሬ የሙጥኝ ያለ ጸሐፊ ግን ሞልቷል። ቤታችሁ ፒዲኤፍ አድርጋችሁት ኑ። (በጋሞኛ የሚጽፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው፤ አማርኛ ጸሐፊዎች ቅናታችንን ውጠን እንቀመጣለን።)

«ዴስክቶፕ ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው» የሚለው መስመር ከጀርባው ዲፕ ፍሪዝ የሚባል ፕሮግራም ያለበት ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ በመካከል የተቀመጠውን ሁሉ ጠርጎ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሁለት ሰዓት ሥራ የሚጠፋው በዚህ ነው። ስትገቡ «ይህ ማሽን ፍሪዝ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነው ከተባላችሁ ሥራችሁን በየጊዜው ወደ ራሳችሁ ኢሜይል ላኩ፣ ስትወጡም ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሡት። የእናንተ ዱካ አብሮ ይጠረጋል። አይደለም ከተባላችሁ የነካችሁት ሁሉ እዚያው ይቀራል ማለት ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

የአንድ ሰዓቱ ገደብ ሰውን የሚያስጨንቀው በዲቪ ሰሞን ነበር። የዲቪ ማመልከቻ ገጽ ራሱ 60 ደቂቃ ብቻ ነበር የሚሰጠው፤ ያለፈበት ከመጀመሪያው ይጀምር ነበር፣ ግማሹን አስቀምጦ መመለስ አልነበረም። በሁለቱ ሰዓቶች መካከል ስንቱ ተቀረቀረ! ፎቶው ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል ካልሆነ ገጹ አይቀበለውም ነበር፤ ይህን ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚሰማ ሰው ሰዓቱን እዚያው ጨረሰ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ የማረጋገጫ ቁጥሩ አለ። ዕጣው መውጣቱ የሚታየው በዚያ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩን የያዘ ሰው ነገሩን ሁሉ ያዘ። አንዳንድ «እኛ እንሞላላችሁ» ባዮች ቁጥሩን ደብቀው ይዘው፣ ስሙ ሲወጣ ባለቤቱን ገንዘብ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። የምመክረው ለማንኛውም የኦንላይን ቅጽ ይሠራል፦ ፎቶውን፣ የልደት ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የስሙን አጻጻፍ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ሁሉን በወረቀት አዘጋጅታችሁ ኑ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከወንበሩ እንጂ ከዝግጅቱ አይደለም። ወረፋ ከሌለ ደግሞ ሰዓታችሁ ሲያልቅ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ማንም አያስነሣችሁም፤ ያ ደንብ የተጻፈው ወረፋ ላለበት ቀን ነው።

ስለ ፊልሙ እውነቱን ልናገር? ኮኔክሽኑ ሲደክም ጣታችንን ወደ ተጠቃሚው እንቀስራለን። ብዙ ጊዜ ግን መስመሩን የያዘው የዊንዶውስ አፕዴት ነው፤ ማሽኖቹ በአንድ ጠዋት ተነሥተው ሁሉም በየራሳቸው ያወርዳሉ። አለዚያም ከጎን ቢሮ ያለ ባልደረባችን ነው፣ የሚያወርደውንም ርዕስ አውቀዋለሁ። ስለ ማውረድ ካነሣን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆናችሁ የምርምር ጽሑፍ ዶላር ሲጠይቃችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ አትነሡ። ሂናሪ የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት አገልግሎት ከ2002 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ኢትዮጵያን ለመሰሉ አገሮች የሚከፈልባቸውን የሕክምናና የጤና መጽሔቶች በተቋማት በኩል በነፃ ይከፍታል። መግቢያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የሚገኘው፣ ጠይቁ። የጠየቀ ስለሌለ ብቻ ሳይነገር የሚቀር ብዙ ነገር አለ።

«ለጥገና ዝግ ነው» የሚል ወረቀት በትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ወይም አጋማሽ ላይ በር ላይ ካያችሁም አትመኑት። ከሐምሌ 2015 ወዲህ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ስለሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ክፍሎች በዚያ ሰሞን የፈተና አዳራሽ ይሆናሉ። ቀኑን አስቀድማችሁ አጣሩና ሥራችሁን ቀድማችሁ ጨርሱ።

ፌስቡክ ለምን ተከለከለ? የሚሰጠው ምክንያት መስመር ይይዛል ነው። የማይነገረው ምክንያት ፍርሃት ነው፦ «ከእነ እገሌ ኮምፒውተር ተለጠፈ» እንዳይባል። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከወጣ ወዲህ ፍርሃቱ ብሷል። በዚህ ከተማ ነገሩን ከሌላው ይልቅ እናውቀዋለን። መስከረም 2011 ላይ በቡራዩ የጋሞ ተወላጆች መጠቃታቸው ሲሰማ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ወጣ፤ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው መለሱት። የሽማግሌዎቹን ፎቶ አገር ያየው በዚያው በፌስቡክ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ክልከላ የጥላቻውንም የእርቁንም መልእክት እኩል ይዘጋል፤ ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን ደግሞ አንዱንም አይዘጋም። በእኔ ፍርድ ይህ መስመር ከወረቀቱ ቢፋቅ የሚጎድል ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው። የምናየው ምንድን ነው? ቬዮን የሚባል ነፃ ፕሮግራም ወይም መሰሉ ባለበት ክፍል፣ ከጠረጴዛዬ ሆኜ የሁሉንም ስክሪን በትንንሽ መስኮት አያለሁ። የተጫነው ክፍሉን ለመቆጣጠር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ማንም አይመለከተውም። ግን ማየት ይቻላል፤ ለባንክ ሥራና ለፍቅር ደብዳቤ የራሳችሁን ስልክ ብትጠቀሙ ይሻላል። ኢንኮግኒቶ መክፈት ከእኔ ዓይን አይሰውራችሁም፣ ጥቅሙ ከእናንተ በኋላ ከሚቀመጠው ሰው መሰወር ነው። በኔትወርኩ በኩል ግን፣ አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ የሚጀምር ከሆነ የጎበኛችሁትን ድረ ገጽ ስም እንጂ የጻፋችሁትን አናይም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ማታ በር ከመዝጋቴ በፊት ፍሪዝ ያልሆነ የአንድ ማሽን «ዳውንሎድ» ፎልደር ብከፍት የምን ክምር የማገኝ ይመስላችኋል? የፋይዳ መታወቂያ ከነፎቶውና ከነቁጥሩ። ሲቪ ከነስልኩ። የዲግሪ ስካን። የሆስፒታል ውጤት። ከጨንቻ የወረደች ልጅ ለሥራ ውድድር ያስገባችው ማመልከቻ ከነሙሉ ማስረጃው። ሰው ሰነዱን ለማተም ያወርዳል፣ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ፋይሉ እኛ ጋ ይቀራል። ዲሊት ያደረገም ሪሳይክል ቢኑን አይነካውም። ጂሜይል ከፍቶ፣ ብሮውዘሩ ፓስዎርዱን «ላስቀምጥ?» ብሎ ጠይቆት «እሺ» ብሎት የሄደ ሰው ቁጥር የለውም።

ከሁሉ የከፋው ቴሌግራም ነው። ስልኩን አውጥቶ ኪውአር ኮዱን ስካን አድርጎ በኮምፒውተሩ ይገባል፣ ፋይሉን ያወጣል፣ ትሩን ዘግቶ ይሄዳል። ትር መዘጋቱ መውጣት አይደለም። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ገጹን ሲከፍት የቀደመው ሰው መልእክት እየገባ ያገኘዋል። ይህ ከደረሰባችሁ መፍትሔው ኪሳችሁ ውስጥ ነው፦ ስልካችሁ ላይ ቴሌግራምን ክፈቱ፣ ሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ንኩ፣ ሌሎቹን ሁሉ አስወጡ። የጂሜይል አካውንታችሁም የገባችሁባቸውን መሣሪያዎች ያሳያል፤ የማታውቁትን አስወጡ። ይህን ለማድረግ ወደ እኛ መመለስ አያስፈልጋችሁም፣ ጨንቻ ሆናችሁም ትችላላችሁ።

ተከፍቶ የተተወ አካውንት ላገኛችሁም አንድ ቃል አለኝ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሳይፈቀድለት ሆን ብሎ የሌላውን መረጃ የከፈተ ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ሊቀጣ ይችላል። «ተከፍቶ አገኘሁት» ብላችሁ አትመኩበት። ሎግ አውት አድርጉለትና ሥራችሁን ቀጥሉ።

የመጨረሻው ሹክሹክታ የመዝገቡ ነው። ስትገቡ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የማሽን ቁጥር፣ የገባችሁበት ሰዓት ትጽፋላችሁ። ልማዱ ሥር አለው። በ1999 ዓ.ም. የያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኤጀንሲ የኢንተርኔት ካፌዎች የደንበኞቻቸውን ስምና አድራሻ መዝግበው ለፖሊስ እንዲያስረክቡ አዝዞ ነበር፤ ያልመዘገበ ባለቤት እስር ይጠብቀዋል ተብሎ ነበር። ካፌዎቹ አብዛኞቹ ተዘጉ ወይም ወደ ፕሪንት ቤት ተለወጡ፣ መዝገብ የመያዙ ልማድ ግን ኮምፒውተር ባለበት ሁሉ ቀረ። በሌላው ዓለም በዚህ የተሟገቱ አሉ። በ2005 (በፈረንጆቹ) የአሜሪካ ኤፍቢአይ በኮነቲከት ግዛት አንድን የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ማን እንደተጠቀመበት ንገሩን ብሎ በምስጢር ሲያዝዝ አራት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች አንነግርም ብለው ፍርድ ቤት ቆሙ፤ በቀጣዩ ዓመት መንግሥት ጥያቄውን ተወው።

የእኛ መዝገብ የት ይሄዳል? ሲሞላ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ የሌላ ዓመት ይደረብበታል። ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ መሳቢያው ቁልፍ የለውም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ በላይ እንዳይቆይ ይላል፤ ዓላማው ማውስ እንዳይሰረቅ ከሆነ ማውሱ በቦታው እንዳለ በዚያው ቀን ማታ ታውቋል።

ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ በተለይ ማኅተሙን የያዛችሁ፣ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ወረቀቱ በሚቀጥለው ጊዜ ሲታተም «ከመውጣትዎ በፊት ከአካውንትዎ መውጣትዎንና ዳውንሎድ ፎልደሩን ማጽዳትዎን ያረጋግጡ» የሚል መስመር ከላይ ይግባ፤ ሠራተኛውም ማታ ማሽኑን ሲያጠፋ ፎልደሩን የማጽዳት ግዴታ ይኑርበት። ሁለተኛው፣ የድሮዎቹ መዝገቦች በኮሚቴ ተቆጥረው ይቃጠሉ። ያረጀ ወንበር ለማስወገድ ኮሚቴ ማቋቋም እናውቅበታለን፤ ለዚህም አያቅተንም።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ግን ኮሚቴውን አትጠብቅ። ዛሬውኑ ስልክህን አውጣና ቴሌግራምህ የት የት ተከፍቶ እንደቀረ ተመልከት።