ሥራ በቤት፤ ልጅ በሞግዚት

አንበሳሜ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነሥቶ የጎንደርን መንገድ የያዘ ሰው ሐሙሲት ሲደርስ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ይገባባታል። እንደ ማንኛዋም የወረዳ ከተማ፣ ከሌላ ስፍራ በምደባ የሚመጡ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ይኖሩባታል። እነዚህ ወጣቶች ትዳር ይይዛሉ፤ ልጅም ይወልዳሉ። ነገር ግን አያት በሩቅ አገር ናት፤ አክስትም በአጠገብ የለችም። እንግዲህ ልጁን ማን ይያዘው?

በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ጥያቄ፣ ይልቁንም ሥራዋን ወደ ቤቷ ይዛ ስለምትገባ እናትና ልጇን ስለምትይዝላት ሞግዚት ጥቂት ለመናገር አስበናል።

በቤት መሥራት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የጣና ዳር ባላገር ሴት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ጥጥ ስትፈትል፣ ጠላ ስትጠምቅ፣ እንጀራ ስትጋግር ኖራለች። ሥራው ሲበረታባትም ልጁን የምትይዝላት ታላቅ ሴት ልጇ ነበረች። አዲስ የሆነው የቢሮው ሥራ ወደ ቤት መግባቱ ነው። የኮሮና በሽታ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በአገራችን በታየ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችም ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተደረገ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው አንድ ነገር ተማረ። ልጅ ሲያለቅስ እንዝርት ተቀምጦ ቆይቶ ይነሣል፤ ሒሳብና ሪፖርት ግን አሳብ በተቋረጠ ቁጥር ይበላሻል።

ለምሳሌ ያህል ወይዘሮ እገሊት የምንላትን አንዲት መምህርት እናስብ። የተማሪዎቿን የፈተና ወረቀት ለማረም ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታለች። የኹለት ዓመት ልጇ ከሞግዚቱ ጋር በደጅ ነው። ልጁ አለቀሰ። እናት ብድግ ብላ ወጣችና «ምን አደረግሽው?» ብላ ልጅቱን ተቆጥታ ሕፃኑን አቀፈችው። ይህንኑ በአንድ ጧት ሦስት ጊዜ አደረገች። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ወረቀቱ አልታረመም፤ ልጁ ካለቀሰ በሩ እንደሚከፈትለት አወቀ፤ ሞግዚቲቱም ቃሏ በልጁ ፊት ዋጋ እንደሌለው ተረዳች። አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

መድኃኒቱ ግን አስቸጋሪ አይደለም። የሥራው ሰዓት ይወሰን። ወደ ሥራ ሲገባ ከልጁ ተሸሽጎ ሳይሆን «ደኅና ዋል» ብሎ ስሞት ነው። ጡት ለማጥባትም ሆነ ለምሳ የሚወጣበት ሰዓት ይታወቅ። ከዚያ ውጭ ሕመም ወይም አደጋ ካልሆነ በቀር ልጁ በሞግዚቱ እጅ ይቆይ። ስሕተት ቢታይባት ኋላ ለብቻዋ ይነገራት እንጂ በልጁ ፊት አትዘለፍ።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። እናት ቤት ስትውል ሞግዚት ዕረፍት የምታገኝ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ከዐይን ስለማትርቅ «ቡና አፍዪ፣ ሊጥ አቡኪ፣ ሱቅ ድረስ ሂጂ» ስትባል ትውላለች። አንዲት ልጅ ሦስት ሥራ ስትይዝ ሕፃኑ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ማታም እዚያው ቤት ስለምታድር ሥራዋ ምሽት የለውም።

ሞግዚት የሚለው ቃል በቤተሰብ ሕጋችን ታላቅ ትርጉም አለው፤ የአካለ መጠን ያላደረሰን ልጅ ንብረት የሚጠብቅለትን ሰው ያመለክታል። የልጁን ገንዘብ የሚጠብቀውን ሰው ሕግ በጥንቃቄ ሲሾም፣ ልጁን ራሱን የምትጠብቀውን ልጅ ያለ ውል መቅጠራችን ያስገርማል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፣ ጉዳዩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ይኸው አዋጅ በሚመለከታቸው ሥራዎች ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ከልክሏል፤ የቤታችንም ሚዛን ከዚህ ሊያንስ አይገባም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ከአሠሪው ጋር የሚኖር ሠራተኛ መኖሪያውና ምግቡ ለጤናውና ለመልካም ጠባዩ የሚስማማ እንዲሆን አሠሪውን ያስገድዳል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189 ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነችም በሥራው ምክንያት ከትምህርት እንዳትቀር ይላል።

ይህ ሁሉ የእናት ዕዳ ብቻ ነው አንልም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባትም 10 ቀን ፈቃድ ሰጥቶ ነበር፤ በመሥሪያ ቤቶችም የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም አዝዞ ነበር። የሕጉ አሳብ ልጅ የኹለቱም ነው ማለት ነው። አባት ከቢሮ ሲመለስ ጋዜጣውን ከመዘርጋቱ በፊት ሕፃኑን ቢቀበል ሞግዚቲቱ ለማታ ትምህርት ለመውጣት አንድ ሰዓት ታገኛለች።

ለዚህ ነገር ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ልዩ አደራ አለብን። ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ ለሞግዚትነት የምትመጣው ልጅ ብዙ ጊዜ ደብተሯን አስቀምጣ የመጣች ናት። እርሷ ልጃችንን ስለያዘችልን እኛ እንጽፋለን፤ እናርማለን፤ ደመወዝም እንበላለን። እንግዲያውስ ደመወዟ በወሩ ይከፈላት፤ የዕረፍት ቀኗ ይታወቅላት፤ ማታም ደብተሯን ይዛ ትውጣ። የእኛ ልጅ ፊደል መቁጠር በሚጀምርበት ዓመት፣ አቅፋ ያሳደገችው ልጅ ፊደሏን የረሳች መሆን የለባትም።