አንድ የፋይበር መስመር ለአንድ ሕንፃ፦ የወረታ ነጋዴ የኢንተርኔት ወጪውን እንዴት ይቀንሳል?

ወረታ የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልዲያ ከሚወስደው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። የፎገራ ሩዝ መናኸሪያ ከመሆኗም በላይ ደረቅ ወደብ አላት። እንዲህ ባለ ከተማ የሩዝ ነጋዴው፣ ትራንዚተሩና የሒሳብ ባለሙያው በአንድ ሕንፃ ቢሮ ተከራይተው መሥራታቸው የተለመደ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ክፍያውም በስልክ ሆኗል። ኢንተርኔት ከሌለ ሥራ ይቆማል።

ብዙዎች የሚሠሩት በሞባይል ዳታ ነው። ይሁን እንጂ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ በእሱ ብቻ መተማመን ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም አይተናል። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን አምስት ሰው የሚሠራበት ቢሮ በየቀኑ ጥቅል እየገዛ መቀጠል ይከብደዋል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? በፋይበር ዝርጋታ ትልቁ ወጪ ከመንገድ እስከ ሕንፃው ገመድ ማድረሱ ነው። አሥራ ሁለት ተከራይ አሥራ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ከሚያስቆፍር፣ ሕንፃው አንድ የጋራ መግቢያ ቢኖረው ይሻላል። አንድ የፋይበር ክር፣ ብርሃኑን በሚያከፋፍል ኤሌክትሪክ በማይፈልግ ትንሽ ዕቃ፣ ለ32 እና ከዚያም በላይ ለሆኑ ደንበኞች ሊዳረስ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው፣ መግቢያው የጋራ ሆኖ እያንዳንዱ ተከራይ ከአቅራቢው ጋር የራሱን ውል መዋዋል ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ትልቅ መስመር በጋራ አስገብቶ መካፈል ነው። እስኪ ሁለተኛውን በምሳሌ እንየው። አሥራ ሁለት ቢሮዎች እያንዳንዳቸው 10 ሜጋ ቢት ቢገዙ ድምሩ 120 ይሆናል። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ደቂቃ አይጠቀሙም። በጋራ 50 ቢገዙና ስድስቱ አብረው ቢሠሩ ለእያንዳንዱ ከ8 በላይ ይደርሰዋል። አሥራ ሁለቱም ቢገቡ እንኳ 4 ያህል ይደርሳቸዋል፤ ይህም ለሰነድ መላኪያና ለአንድ የቪዲዮ ስብሰባ ይበቃል።

እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትን በወንጀል ያስቀጣል። አከራዩ መስመር አስገብቶ ለተከራዮቹ በትርፍ ልሽጥ ቢል ነገሩ የወጪ መጋራት መሆኑ ይቀርና ንግድ ይሆናል። ስለዚህ መስመሩን ለመካፈል ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ አቅራቢውን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይያዝ። ጥርጣሬ ካለ የመጀመሪያው መንገድ ይመረጣል።

የተፈቀደለት ሕንፃም ቢሆን አራት ነገሮችን ማስተካከል አለበት።

አንደኛ፣ ባለሙያው ለየቢሮው የፍጥነት ጣሪያ ያብጅ። አለበለዚያ አንዱ ፊልም ሲያወርድ የሌላው ሥራ ይቆማል።

ሁለተኛ፣ የየቢሮው ኔትወርክ ይለያይ። አንድ የዋይፋይ የይለፍ ቃል ለሁሉም ከተሰጠ የአንዱ ካሜራ፣ ፕሪንተርና ፋይል ለጎረቤቱ ሊታይ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ማከፋፈያ ሳጥኑ ምድር ቤት አይቀመጥ። ርብና ጉማራ በክረምት ሲሞሉ ሜዳውን ውኃ እንደሚያጥለቀልቀው የፎገራ ሰው ያውቃል። መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪም ያስፈልጋል። ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲሻገር ከመዳብ ይልቅ ፋይበር ይመረጣል፤ የመዳብ ኔትወርክ ገመድ ከ100 ሜትር በላይ አያስኬድም፣ መብረቅም ያስተላልፋል። የፋይበር ክር ግን መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

አራተኛው ውሉ ነው። ማን ስንት ይከፍላል? ያልከፈለ ምን ይደረጋል? ሲበላሽ ማን ይጠራል? ተከራይ ሲለቅ ለዕቃው ያዋጣው ይመለስለታል? እነዚህ ተጽፈው፣ ምስክር ባለበት ይፈረሙ። የተሰበሰበው ገንዘብ አማና ነው። የወሩ ደረሰኝ ደረጃው አጠገብ ይለጠፍና ሁሉም ይየው። ጉርብትና የሚበላሸው ኢንተርኔት ሲዘገይ ሳይሆን ሒሳቡ ሲደበቅ ነው።