«ሕዝበ ውሳኔ» ስለሚለው ስያሜ

«ሪፈረንደም» የተባለውን የላቲን ቃል በአማርኛ ለመተካት ሁለት ስያሜዎች ሲሠራባቸው ይታያል፤ እነርሱም «ሕዝበ ውሳኔ» እና «ውሳኔ ሕዝብ» ናቸው። የትኛው ይመረጥ የሚለው ጥያቄ የሰዋስው ብቻ መስሎ ቢታይም፣ ስያሜው ከኢትዮጵያ የሕገ መንግሥት ታሪክ ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ነገሩን ከሁለቱም ወገን እንመረምራለን።

በግእዝ ሁለት ስሞች ሲናበቡ ዋናው ስም ይቀድማል፣ ዘርፉ ይከተላል፤ የፊተኛው ስም መጨረሻ ሳድስ ከሆነም ወደ ግእዝ ይለወጣል። «ሕገ መንግሥት» የመንግሥት ሕግ፣ «ሕዝበ ክርስቲያን» የክርስቲያን ሕዝብ ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት «ሕዝበ ውሳኔ» ሲፈታ «የውሳኔ ሕዝብ» ይሆናል። የታሰበውን «የሕዝብ ውሳኔ» በትክክል የሚሰጠው «ውሳኔ ሕዝብ» ነው፤ «ውሳኔ» በኃምስ ስለሚጨርስ ሲናበብ አይለወጥም።

ወደ ታሪኩ ስንመለስ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ለሕዝብ ድምፅ አልቀረቡም። መላው አገር በሕገ መንግሥት ላይ ድምፅ የሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲሆን፣ በይፋ በተገለጸው ውጤት 81 በመቶ ያህሉ ደግፏል። ዛሬ የሚሠራበትን ሕገ መንግሥት ግን ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ያጸደቀው ለዚሁ የተመረጠ ጉባኤ ነው። ከሚያዝያ 15 እስከ 17 ቀን 1985 ዓ.ም. ኤርትራውያን ስለ ነጻነት፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የሲዳማ ዞን ነዋሪዎች ስለ ክልልነት ድምፅ ሰጥተዋል። እንግዲህ አንዱ ስያሜ ሦስት የተለያዩ ተግባራትን ይሸከማል፤ ሕገ መንግሥት ማጽደቅን፣ መለየትን፣ ክልል ማቋቋምን።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 እና 47 የሚጠቀመው «ሕዝበ ውሳኔ» በሚለው ነው። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ በመሆኑ፣ ቃሉን በሰዋስው ምክንያት ብቻ መለወጥ ተርጓሚ የሚደፍረው ነገር አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው አንቀጽ 104 ነው። የማሻሻያ ሐሳብ ለመላው ሕዝብና ለሚመለከታቸው ክፍሎች ለውይይትና ለውሳኔ እንደሚቀርብ ይደነግጋል፤ «ሕዝበ ውሳኔ» ግን አይልም። ተከትሎት የሚመጣው አንቀጽ 105 ማሻሻያ የሚጸድቀው በሁለቱ ምክር ቤቶችና በክልል ምክር ቤቶች ድምፅ መሆኑን ይዘረዝራል። በዚህ ስፍራ «ውሳኔ» የሚለውን «ሪፈረንደም» ብሎ ወደ ውጭ ቋንቋ የሚመልስ ተርጓሚ፣ ሕጉ በግልጽ ያልጠራውን ሥርዓት ይጨምርበታል። የቃሉን ትርጉም የመወሰኑ ሥልጣን ደግሞ የተርጓሚ ሳይሆን ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው አካል ነው።

ስለሆነም «ሕዝበ ውሳኔ» በሕግ የጸና በመሆኑ ዋና መግቢያ ቃል ሆኖ እንዲቀመጥ፣ «ውሳኔ ሕዝብ» ወደ እርሱ እንዲመራ፣ የምክር ቤት ድምፅ «ማጽደቅ»፣ ድምፅ የማይሰጥበት መድረክ «ውይይት» ተብሎ እንዲለይ ሐሳብ እናቀርባለን። ፍቺውም እንደሚከተለው ነው፦

ሕዝበ ውሳኔ (ስም)፦ መራጮች በአንድ በተወሰነ ጉዳይ ላይ በቀጥታ ድምፅ የሚሰጡበት፣ በሕግ የተደራጀ ሥርዓት፤ ሪፈረንደም።